የወተት መኪና

ከሌሊቱ ሰባት፣ እንደ ሰው አስሎ፣
ኤሲው ጸጥ አለብን ማቃሰቱን ጥሎ።
ሻርጃ መስከረም ነው።
መስከረም ማለቴ፦ ትምህርት ተከፍቷል፤
ሙቀቱ ግን ገና ነሐሴ ላይ ተኝቷል።

በድሩ ቀድሞ ነቃ፤ አራት ዓመቱ ነው።
«እማ፣ አልጋውን አላበው፤ እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው።»
ዳሰስኩት። ላብ አይደለም።
ላብ ነው አልኩኝ እኔም፤ ሌሊት ሙግት የለም።

ሙራድ ሰባት ሞልቶት፣ ትልቅ ሰው ነኝ ባይ፣
ከላይ አልጋው ወርዶ ወጣ ወንበር ላይ፤
በሒሳብ ደብተሩ አየር እየቀዘፈ
የሞተውን ኤሲ በጣቱ ገረፈ።
«ማጣሪያው ነው» አለ፣ ከአባቱ በሰማው ድምፅ፣
በአባቱ አኳኋን ወገቡን ይዞ።

ለሕንፃው ናቱር ደወልኩ።
«ቡክራ፣ ኢንሻላህ» አለ።
ቡክራን አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት መጥቶ
ሻይ ጠጥቶ ሄደ አንድ ብሎን ፈትቶ።

ልጆቼን ይዤ ገባሁ መታጠቢያ ቤት።
ቀዝቃዛ ተብሎ የተጻፈበትን ቧንቧ ብከፍተው
ሻይ ነው የወረደው፤ ስኳር ብቻ ቀረው።
ከዚያ ተደባደቡ። ምክንያቱ? አንድ ፎጣ።
ሌላው በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ግን እንደ ሁለቱ ጣጣ
ወንድም የያዘው ነው የዓለም ብቸኛ ፎጣ።
ከታች አቡ ሰሚር በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ሦስት ጊዜ መታ፤
ሙራድ በተረከዙ መለሰ፦ የሁለቱ የቆየ ሰላምታ።

ስምንት ተኩል ላይ ይመር ደወለ።
የወተት መኪና ነው የሚነዳው፤
ሌሊት ይጭናል፣ ንጋት ሱቅ ለሱቅ ያራግፋል።
«ውረዱ» አለኝ፣ «ታች ነኝ። ሞተሩን አላጠፋሁም፤
ለወተቱ ብዬ ነው፤ ማንም አይጠይቀኝም።»

ወረድን።
ሙራድ የትምህርት ቤት ቦርሳውን አዝሎ (ምናልባት ካልተመለስን ብሎ)፣
በድሩ በአንድ እግር ካልሲ፣
እኔ ቀሚሴን ገልብጬ ለብሼ።
በሊፍቱ መስታወት ከቤት የተባረርን መሰልን።
እነሱ ግን ምላሳቸውን አውጥተው ራሳቸውን ሰላም አሉ።

ለሦስት ሰው የተሠራ ጋቢና፣ አራት ገባንበት።
የአየር ቀዳዳው ሁለት ነው። አላህ ይስጠው ፋብሪካውን፦ ሁለት።
አንዱ አፉን፣ አንዱ ግንባሩን ደቀነ፤
ለእኔና ለይመር የልጆቻችን ትንፋሽ ተረፈን።

ከሐይቁ ዳር ቆምን።
የፎቆቹ መብራት ውሃው ላይ ይቀልጣል።
ከጀርባችን ሁለት ሺህ ሊትር ወተት፣
በአራት ዲግሪ፣ ይንቀጠቀጣል።

«አባ፣ ወተቱ ይተኛል?»
«ይተኛል።»
«ብርድ ልብስ አለው?»
«ብርዱ ነው ልብሱ።»
በድሩ አሰበበት፤ ሲያስብ አፍንጫውን ይጎረጉራል።
«እንግዲያ እኔም ወተት ነኝ» አለና ዓይኑን ጨፈነ።
ሙራድ ሊስቅበት አፉን ከፈተ፣
ሳቁ ሳይወጣ እንቅልፍ ቀደመው፤ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

ይመርን አየሁት።
ሁለት ሳምንት ሆኖን ነበር በብርሃን ካየሁት፤
እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፣
በር ላይ ቁልፍና ልጅ እንቀባበላለን።
ጢሙ ላይ ሽበት አለ። መቼ?
አልጠየቅሁም። እጁ የሙራድን ራስ ደግፏል፤
ቢያነሳው ይነቃል።
ስለዚህ ማርሹን በግራ እጁ ዞሮ ሲነካ፣ ሲሳሳት፣ እንደገና ሲነካ፣
በሳቄ ልቀሰቅሳቸው ነበር።

መኪናው ሳተላይት አለው፤ የቆመበትን ይቆጥራል።
አለቃው ነገ ይጠራዋል፦
«አርባ ደቂቃ ሐይቅ ዳር ምን ትሠራ ነበር?»
ምን ሊል ነው?
ወተት ሳስተኛ?

አሥራ ሁለት ከሩብ ላይ ቢጫው አውቶቡስ መጣ።
የሙራድን ፀጉር በጣቴ አበጠርኩት፣
አገጩ ላይ የደረቀውን ምራቅ በምራቄ ጠረግሁት፤
ጓደኞቹ እንዳያዩት እየገፈተረኝ ገባ።
ናቱሩ በሩ ላይ ቆሞ «ቡክራ» አለኝ።
«ዛሬ እኮ ቡክራ ነው» አልኩት።

ኤሲው በአምስተኛው ቀን ተሠራ።
የበድሩ ካልሲ ግን እስካሁን ከጋቢናው መስታወት ስር ነው።
አምጣው እለዋለሁ።
ረሳሁት ይላል።